በሚታየው ነገር ላይ ስለሚደረብ ምስልና ስለ ንድፍ ተማሪዎች ትርኢት

የእጅ ጥበብ የሚማር ሰው ዕውቀቱ የሚመረመረው በቃል ብቻ ሳይሆን ሠርቶ በሚያሳየው ሥራ ነው። የቅኔ ተማሪ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ካልተቀኘ፥ ጸሐፊም ብራናውን ፍቆ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ብርዑን ቀርጾ ካልጻፈ ዐወቀ እንደማይባል ሁሉ፥ ዲዛይን ወይም የንድፍ ሥራ የሚማሩ ደቀ መዛሙርትም የሠሩትን ለሕዝብ ገልጠው ሲያሳዩ ትምህርታቸው ፍሬ ማፍራቱ ይታወቃል። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ የንድፍ ትምህርት ክፍሎች በየዓመቱ በራቸውን ከፍተው የሥራ ትርኢት ያደርጋሉ። ቀድሞ በነዚህ ትርኢቶች የሚታየው በወረቀት የተነደፈ ሥዕል፥ ከእንጨትና ከሸክላ የተሠራ ምሳሌ፥ የታተመ መጽሐፍና የተሸመነ ልብስ ነበር። አሁን ግን በነዚህ መካከል በባዶ ዓይን የማይታይ፥ ስልክ አንሥተው ሲመለከቱበት ብቻ የሚገለጥ ሥራ ገብቷል።

ይህ ሥራ በእንግሊዝኛ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይባላል፤ ፍችውም በእውነተኛው ነገር ላይ የተጨመረ ወይም የተደረበ ማለት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። የስልኩ ካሜራ በፊቱ ያለውን ቦታ ሳያቋርጥ ያነሣል፤ በስልኩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም በምስሉ ላይ ያሉትን ነቁጦችና ጠርዞች ለይቶ ስልኩ ከነገሩ ምን ያህል እንደ ራቀና ወደየት እንደ ዘነበለ ያሰላል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው አስቀድሞ የነደፈውን ምስል በዚያው ልክ አዙሮ፥ አሳንሶ ወይም አሳድጎ በቦታው ላይ ይደርበዋል። ተመልካቹ ሲራመድ ምስሉም በስፍራው እንደ ቆመ ነገር ጎኑንና ጀርባውን ያሳየዋል። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ከሚባለው የሚለየውም በዚህ ነው፤ ያኛው ተመልካቹን ከቆመበት ነጥሎ ወደ ሌላ ስፍራ የሄደ ያህል ሲያደርገው፥ ይህኛው ግን በቆመበት አቆይቶ የሚያየውን ነገር ይጨምርለታል።

ነገሩ ለብዙ ሰው አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ከግማሽ ምእት ዓመት ያለፈ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተለየ ምልክት ካልተደረገበት በቀር ዓመታቱ የተቈጠሩት በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑ ይታወቅ። በ1968 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ የአሜሪካ ሊቅ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በራስ ላይ የሚደረግ መመልከቻ ሠራ፤ መሣሪያው ከብዶ ስለ ነበር በብረት ክንድ ከጣሪያ ጋር ተያይዞ ይንጠለጠል ነበር፤ በእርሱም የሚመለከት ሰው በመስመር ብቻ የተነደፈ ቅርጽ በክፍሉ ውስጥ ተንሳፎ ያይ ነበር። ስሙ የወጣለት ግን በ1990 ገደማ በቦይንግ የአውሮፕላን ፋብሪካ ነው። በዚያ ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ኮዴልና ዴቪድ ሚዝል፥ የአውሮፕላን የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያሰናዱ ሠራተኞች ንድፉን ከወረቀት እያዩ ከሚደክሙ ይልቅ የእያንዳንዱ ሽቦ መንገድ በሰሌዳው ላይ ተደርቦ ቢታያቸው እንደሚሻል አሰቡ፤ በ1992ም ሐሳባቸውን በጽሑፍ አወጡ። በ1999 ሂሮካዙ ካቶ የተባለ የጃፓን ሊቅ በወረቀት ላይ የታተመ ባለ አራት ማዕዘን ጥቁር ምልክትን እያወቀ ምስል የሚደርብ ፕሮግራም ሠራ፤ ፕሮግራሙም ለሌሎች ክፍት ስለ ተደረገ ነገሩ ከፋብሪካና ከጦር ሠራዊት ወጥቶ በሥነ ጥበብ ተማሪዎች እጅ ገባ። ከ2017 ጀምሮ አፕልና ጉግል የተባሉት ኩባንያዎች የዚህን ሥራ መሣሪያ ለተራ ስልክ ስላወጡ፥ ዛሬ ተማሪው የሚያስፈልገው በኪሱ የያዘው ስልክና ትዕግሥት ሆኗል።

ትምህርት ቤቶች በዚህ ጥበብ ምን እንደ ጠቀሙ ለማወቅ በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘውን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን መመልከት ይበቃል። በ1990ዎቹ ዓመታት የዚያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሊቃውንት ከሕንፃ ጥበብ መምህራን ጋር ተባብረው፥ በተለሰነ ግድግዳ ውስጥ የተሸሸገውን የምሰሶና የብረት ሥራ ለተማሪው ዓይን የሚገልጥ መሣሪያ ሠሩ። በ1997 ስቲቨን ፋይነርና ባልደረቦቹ በጀርባ የሚታዘል ኮምፒውተር ከራስ መመልከቻ ጋር አገናኝተው በግቢው የሚዘዋወር ሰው የእያንዳንዱን ሕንፃ ስም ከሕንፃው ላይ እንዲያነብ አደረጉ። በ1999 ደግሞ ከጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ጋር ሆነው በዚያው መሬት ላይ ቀድሞ የነበረውን ታሪክ በቦታው ተረኩት። ዩኒቨርሲቲው በ1897 ወደዚያ ከመዛወሩ አስቀድሞ ስፍራው ብሉሚንግዴል የተባለ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ነበር፤ ያ የፈረሰ ቤት በነበረበት ቦታ እንደ ገና ቆሞ ታየ። በ1968 በግቢው የተነሣው የተማሪዎች ዐመፅም በሆነበት ስፍራ ተተረከ። በየቀኑ በዚያ የሚመላለስ ሰው የሚረግጠው መሬት ታሪክ ያለው መሆኑን ዐወቀ ማለት ነው።

በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ የሚገኘው የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በ1682 የተመሠረተ ዕድሜ ጠገብ ትምህርት ቤት ሲሆን፥ ከዴልፍት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲና ከላይደን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ለዚህ ጥበብ የሚሆን የመመርመሪያ ክፍል አቋቋመ፤ ከ2012 ጀምሮም ስለ ሥራው የሚናገር መጽሔት እያሳተመ አውጥቷል። በዚህ ዐይነት ኅብረት ሠዓሊው የመሐንዲሱን ልክ፥ መሐንዲሱም የሠዓሊውን ዓይን ይማራል። ለብቻው የሚሠራ ሠዓሊ መልክ ያለው፥ ነገር ግን የማይቆም ምስል ይሠራል፤ ለብቻው የሚሠራ መሐንዲስም የሚቆም፥ ነገር ግን ማንም ሊያየው የማይወድ ምስል ይሠራል።

የዚህ ጥበብ ጥቅም ይህን ያህል ከሆነ ነገሩን የሚያደንቅ ሰው አይታጣም። ነገር ግን የትርኢት ዋጋ በተመልካች መደነቅ ብቻ ቢለካ፥ አስማተኛም ከሊቅ ጋር እኩል ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የንድፍ ተማሪ ይህን የመሰለ ሥራ ይዞ ሲቀርብ መምህሩም፥ ትርኢቱን የሚመርቀው ባለሥልጣንም፥ ቦታውን የሚጠብቀው ካህንም ሦስት ነገር ሊጠይቁት ይገባል። መጀመሪያው፥ የደረብኸው ምስል እውነት ነውን? ሁለተኛው፥ በማን ፈቃድ ደረብኸው? ሦስተኛው፥ ትርኢቱ ሲያልቅ ሥራው የት ይቀራል? የሚሉት ናቸው።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ። በመጽሐፍ የተጻፈ ታሪክን የሚያነብ ሰው ጸሐፊው እንደ ገመተ ወይም እንደ ተሳሳተ ሊጠረጥር ይችላል። በዓይኑ ፊት፥ በእውነተኛው ድንጋይ ላይ ቆሞ የሚያየውን ግንብ ግን የሚጠራጠር ሰው ጥቂት ነው። የፈረሰው ግድግዳ ከፍታ በመሠረቱ ስፋት ሊገመት ይችላል፤ የጣሪያው ቅርጽና የመስኮቱ ቀለም ግን ብዙ ጊዜ ማስረጃ የለውም። ተማሪው ሁለቱን በአንድ ዐይነት ቀለም ከቀባቸው፥ ሕፃናት ግምቱን እንደ ታሪክ ይዘው ያድጋሉ። ይህን ክፉ ነገር ለማራቅ በኤውሮጳ ያሉ ሊቃውንት በ2006 የለንደን ቻርተር የተባለ መመሪያ አሰናድተው ነበር፤ በ2009ም አሻሽለው አወጡት። የመመሪያው ዋና ሐሳብ፥ የጥንት ቅርስን በኮምፒውተር የሚያሳይ ሰው በማስረጃ የታወቀውን ከተገመተው ለይቶ ማሳየትና የግምቱንም ምክንያት ጽፎ ማስቀመጥ ይገባዋል የሚል ነው።

ይህ ሕግ ለኢትዮጵያ የመጻሕፍት ሊቃውንት እንግዳ ሊሆን አይችልም። የትርጓሜ መምህር ንባቡን አስቀድሞ ለብቻው ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ፍቺውን ይሰጣል፤ ነገሩ ሁለት ወይም ሦስት መንገድ ሲኖረው አንዱን ሸሽጎ አንዱን አያጸናም፤ «አንድም» እያለ ሁሉንም በየተራ ያስረዳል እንጂ። ደቀ መዝሙሩም ንባብ የቱ እንደ ሆነ፥ ትርጓሜ የቱ እንደ ሆነ ሳይደባለቅበት ያድጋል። በድንጋይ ላይ የሚደረብ ምስልም ትርጓሜ ነው፤ ንባቡ ድንጋዩ ነው። እንግዲህ ተማሪው የታወቀውን በደማቅ፥ የተገመተውን በደብዛዛ መስመር ቢያሳይ፥ ጣሪያውም ሁለት ዐይነት ሊሆን የሚችል ሲሆን ሁለቱንም በየተራ ቢገልጥ፥ የአባቶችን ሥርዓት በአዲስ መሣሪያ ሠራ ይባላል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ የሚያስተምር ትምህርት ክፍል ከመሣሪያው ይልቅ ሕሊናን አስተማረ።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ። በሰው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው ባለቤቱን እንዲያስፈቅድ ሕግ ያስገድደዋል። በስልክ ብቻ የሚታይ ምስል ግን ግድግዳውን ስለማይነካ፥ ብዙዎች ፈቃድ የሚያሻው አይመስላቸውም። በጥቅምት 2010 ሁለት የዚህ ጥበብ ሠዓልያን በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ፥ ሙዚየሙ ሳይጠራቸው፥ በስልክ የሚታይ ትርኢታቸውን በአዳራሾቹ ደርበው ሰው ጠርተው አሳይተዋል። ያ ለጨዋታና ለክርክር የተደረገ ነበር። በ2016 ፖክሞን ጎ የተባለው የስልክ ጨዋታ በወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ጨዋታው ተጫዋቾችን በየአደባባዩና በየሐውልቱ ይመራቸው ስለ ነበር፥ በዋሺንግተን የሚገኘው የአይሁድ ዕልቂት መታሰቢያ ሙዚየምና በፖላንድ የሚገኘው የአውሽቪትዝ መታሰቢያ እንዲህ ያለው ጨዋታ በስፍራቸው እንዳይደረግ ጠየቁ። በዚያው ዓመት በሩሲያ በየካተሪንቡርግ ከተማ አንድ ወጣት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህን ጨዋታ ሲጫወት ራሱን ቀርጾ አሰራጨ፤ ተከሶም በ2017 በገደብ የታገደ የእስራት ፍርድ ተፈረደበት። ፍርዱ ከበደ የሚሉም፥ ተገቢ ነው የሚሉም ነበሩ። ሁሉም ሳይስማሙበት የማይቀረው ግን፥ ለሟቾች መታሰቢያና ለጸሎት የተለየ ስፍራ በላዩ ምን እንደ ተደረበ ጠባቂው ሳያውቀው መቅረቱ መልካም አለመሆኑ ነው።

በአሜሪካም የቤት ባለቤቶች የጨዋታውን ኩባንያ ከሰው ነበር፤ በ2019 በተደረገው ስምምነት ኩባንያው የባለቤቶችን አቤቱታ ተቀብሎ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገባ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕግ ከጥበብ ኋላ የሚደርስ ስለ ሆነ፥ ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ወሰኑን የሚያስተምረው ትምህርት ቤቱ ነው። የንድፍ ተማሪ በአንድ ስፍራ ላይ ምስል ሊደርብ ሲያስብ፥ አስቀድሞ ወደ ስፍራው ጠባቂ ሄዶ አሳቡን ማስረዳት፥ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውንም በጽሑፍ መቀበል ይገባዋል። ይህ ሥርዓት የሥራው ግማሽ ነው እንጂ የሥራው እንቅፋት አይደለም።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ነገር ግን በትርኢት ቀን ማንም አያነሣውም። በብራና የተጻፈ መጽሐፍ ከእሳት፥ ከውኃና ከአይጥ ከተጠበቀ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል፤ የሚያነበውም ሰው ከዓይኑና ከትምህርቱ በቀር ሌላ መሣሪያ አያሻውም። በስልክ የሚታየው ሥራ ግን የሚኖረው የሚያሳየው ፕሮግራም እስከ ኖረ ድረስ ነው። ሜታዮ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለዚህ ሥራ የሚሆን ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበር፤ በ2015 አፕል ገዛውና ለሕዝብ የሚያወጣው ፕሮግራም ተዘጋ። ጉግል ታንጎ ብሎ ያወጣውን መሣሪያ በመጋቢት 2018 ተወው። ሜታ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ስፓርክ የተባለውን፥ በዓለም ሁሉ ያሉ ተማሪዎችና ሠዓልያን የሚሠሩበትን መሣሪያ፥ በነሐሴ 2024 እንደሚዘጋ አስታውቆ በጥር 14 ቀን 2025 ዘጋው። በርሱ ተሠርተው በኩባንያው ገጾች ይታዩ የነበሩት የሰዎች ሥራዎች በዚያ ቀን ከሕዝብ ዓይን ተሰወሩ። ኩባንያው ሕግ አልጣሰም፤ የገዛ መሣሪያውን ዘጋ እንጂ። ጥፋቱ የብዙ ሰው ድካም ማኖሪያው አንድ ቤት ብቻ፥ ያውም የሌላ ሰው ቤት መሆኑ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ለትርኢት ቀን ብቻ ተጣድፎ የተሠራ ሥራ ከትርኢቱ ጋር ይፈርሳል። ይህ እንዳይሆን መንገድ አለ። ሥራው ከአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ጋር ብቻ የተጣበቀ እንዳይሆን ቅርጾቹን በሁሉም ዘንድ በሚነበብ ዐይነት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለምሳሌ ጂ ኤል ቲ ኤፍ የተባለው የቅርጽ ማኖሪያ ዐይነት በ2022 የዓለም አቀፍ ደረጃ ድርጅት ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። ከዚህ በላይ ተማሪው የለካበትን ልክ፥ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች፥ የታሪኩን ማስረጃና ሥራው ሲታይ የተቀረጸ ፊልም ከአንድ ማስረጃ ጽሑፍ ጋር ለትምህርት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ቢያስረክብ፥ ፕሮግራሙ ቢሞት እንኳ የሚመጣው ተማሪ እንደ ገና ሊሠራው ይችላል። ይህን ያላስረከበ ተማሪ ሥራውን እንደ ጨረሰ ባይቆጠር ይገባል።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ከምስሉ ይልቅ ልኩ የሚበልጥ መሆኑ ነው። በአሜሪካ የቫሳር ኮሌጅ የሥነ ጥበብ መምህር የነበረው አንድሩ ታሎን በ2010 የፓሪስን የኖትር ዳም ካቴድራል በሌዘር ጨረር ከውስጥም ከውጭም ለካ። እርሱ በ2018 ዐረፈ፤ በሚያዝያ 15 ቀን 2019 ካቴድራሉ ተቃጠለ፤ ጣሪያውም ወደቀ። ያ ልክ ግን ከእሳቱ በፊት የነበረውን ይዞ ስለ ተገኘ ለጠጋኞቹ ረዳት ሆነ፤ ካቴድራሉም በታኅሣሥ 2024 ተመልሶ ተከፈተ። ሥራው ገና ሳያልቅ በ2022 በፓሪስ በበርናርዲን ኮሌጅ በተደረገው ትርኢት፥ ሕዝቡ ሰሌዳ መሳይ ኮምፒውተር በእጁ ይዞ ካቴድራሉ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተሠራ ይመለከት ነበር። እንግዲህ ለትርኢት የሚያስደስተውና በመከራ ቀን የሚያድነው ከአንድ ምንጭ፥ ከጥንቁቅ መለካት የሚመነጩ ናቸው።

ይህ ነገር ኢትዮጵያንም የሚመለከትበት እውነተኛ ምክንያት አለ። በደቡብ አፍሪቃ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ዛማኒ የተባለው የቅርስ መዝጋቢ ክፍል፥ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡትን ከአለት የተፈለፈሉ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ጨረር ለክቶ መዝግቧል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተከፈተውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። መሥራቹ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተ ሰብ ተወልደው፥ በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው የተመለሱ ነበሩ፤ አዲሱን ጥበብ ለመማር የአባቶቻቸውን መተው እንዳላስፈለጋቸው ታሪካቸው ይመሰክራል።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ለባለጠጋ አገር የተገባ ጌጥ ነው ይሉ ይሆናል። ስልኩ ግን ቀድሞ በየሰው እጅ ገብቷል፤ በላዩ የሚታየውም ምስል ማንም ቢፈቅድ ባይፈቅድ ይመጣል። የአንድን አገር ገዳምና አደባባይ ታሪኩን የሚያውቁ የአገሩ ልጆች ካልተረጐሙት፥ የማያውቀው እንግዳ እንደ ገመተ ይተረጕመዋል። ስለዚህ ምርጫው ምስሉ ይደረብ አይደረብ ሳይሆን፥ ማን በምን ዕውቀትና በምን ጥንቃቄ ይደርበው ነው።

በዚህም ሥራ ካህናት ከሁሉ የበለጠ ድርሻ አላቸው። ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተብላ የተከፈለች ናት፤ ለሁሉ የሚታይ አለ፥ ለአገልጋዮች ብቻ የተለየም አለ። ተማሪ የሥዕሉን ታሪክ፥ የሕንፃውን አሠራርና የፈረሰውን ግንብ ቢያሳይ ምእመናንን ያስተምራል፤ መጋረጃው የጋረደውን በስልክ ልግለጥ ቢል ግን፥ እጁ ግድግዳውን ባይነካም ወሰን ጥሷል። ይህን ወሰን ከካህናት በቀር ሊያስረዳው የሚችል የለም። ተማሪው ወደ ደጀ ሰላም ሲመጣ በሩን ዘግቶ መመለስ ግን አይጠቅምም፤ ያልተማረው ሳያስፈቅድ ይሠራልና። ተቀብሎ፥ አስተምሮ፥ ሥራውንም ከመታየቱ በፊት መርምሮ ማሰናበት ይሻላል።

በባለሥልጣኖችም በኩል ትርኢት ከመመረቅ የሚያልፍ ሥራ አለ። ቅርስን የሚጠብቁ መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ በምን ሥርዓት እንደሚሰጥ ጽፈው ቢያወጡ፥ የትምህርት ሹማምንት የተማሪዎች ሥራ የሚቀመጥበትን መዝገብ ቤት ቢያቋቁሙ፥ ገንዘብ የሚፈቅዱትም መሣሪያ ከመግዛት አስቀድመው ለመለካትና ለመመዝገብ የሚሆነውን ቢያስቀድሙ፥ ወጪው ጥቂት ሆኖ ጥቅሙ ለብዙ ዘመን ይሆናል። መሣሪያ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ያረጃል፤ በትክክል የተለካ ልክና በእውነት የተጻፈ ማስረጃ ግን አያረጅም።

የንድፍ ተማሪ በሚመጣው ትርኢት ስልኩን አንሥቶ እዩልኝ ሲል፥ ተመልካቹ ከማድነቁ በፊት ሦስቱን ጥያቄ ይጠይቀው፤ እውነት ነውን? ማን ፈቀደ? የትስ ይቀመጣል? ለሦስቱም መልስ ያለው ተማሪ ሥራው የአንድ ቀን ትርኢት መሆኑ ቀርቶ ለሚመጣው ትውልድ ንብረት ይሆናል፤ እርሱም በእውነት ተማረ ይባላል።